የሄርሞን ገንዳ

ኢንስፔክተር ኤምሊን ፕሮበርት ከሬሳው በፊት ያየው ኮቱን ነው። የአናጢው የሪዲያን ሰማያዊ የሥራ ኮት ኤሊነድ ትከሻ ላይ ተደርቦ ነበር። ባሏ ውሃ ውስጥ ሞቶ የተገኘባት ሴት በጠዋት ብርድ ያገኘችውን ኮት ብትደርብ ማንንም አይገርምም። ኤምሊን ግን ዓይኑን ከኮቱ ላይ መንቀል አቃተው። ኤሊነድን ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ይወዳታል፤ ፀጉሩ ሸበተ እንጂ አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ባሏን ስቴፋንን ሲቀናበት ኖሯል። ስቴፋን ሲሞት ቅናቱም አብሮ የሚሞት መስሎት ነበር፤ ለካ ሰው ለውጦ ሪዲያን ላይ ተቀምጧል።

ቤቱ ድሮ ሄርሞን ጸሎት ቤት ነበር። ከኩም ሄሊግ ሰው ግማሹ እዚያ ተጠምቋል፣ ግማሹ ግቢው ውስጥ ተቀብሯል። ምእመኑ እያረጀ እያነሰ ሄዶ፣ ክረምት ላይ ለሰባኪው የሚያስለው ሰው እንኳ ሲጠፋ፣ ተዘጋና ተሸጠ። የገዛው ስቴፋን ነው። ሰገነቱን መኝታ ቤት፣ የሰባኪውን መድረክ የመጻሕፍት መደርደሪያ አደረገው። መንደሩ ይህን ሁሉ የሰማው ከሠራተኞች አፍ ነው፤ ስቴፋን ሰው አይጠራም። ኤምሊንም ሁለት ዓመት ግብዣ ሲጠብቅ ከርሞ በመጨረሻ የገባው በሬሳ ሰበብ ነው።

ሬሳው ከመድረኩ ፊት፣ ወለሉ ውስጥ በተቆፈረው በድሮው የጥምቀት ገንዳ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተንሳፍፏል። ስቴፋን ገንዳውን አሳድሶ፣ መስተዋት ክዳን አሠርቶለት፣ ማታ ማታ ይታጠብበት ነበር። አሁን ግን ልብሱን እንደለበሰ ነው። እጅጌው ተጠቅልሏል፤ እግሩ ላይ የላስቲክ ቦቲ ጫማ አለ። ከጎኑ አንድ የወለል መፈግፈጊያ ብሩሽ ተንሳፍፎ ዝግ ብሎ ይዞራል።

ሳጅን ኔሪስ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች። የባሕር ዳርቻ ከተማ ልጅ ናት፤ ምላሷ አያርፍም።

"ወይኔ፣ በረዶ! አለቃ፣ የሀብታም ገንዳ አይሞቅም እንዴ?"

"ሁልጊዜ ሙቅ ነው" አለች ኤሊነድ ከወዲያ፣ ድምጿ ሰልሎ። "ስቴፋን ብርድ አይችልም።"

"ሌሊቱን ቀዝቅዞ ይሆናላ" አለ ኤምሊን። ውሃውን ዞር ብሎም አላየው። ኮቱን እያየ ነበር።

ኤሊነድ ከገንዳው ትይዩ፣ ክፍት በሆነው ማዕድ ቤት ጥግ ካለው ረጅም አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። አግዳሚው የእናቷ ቤተሰብ የድሮ ወንበር ነው። በሄርሞን እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ወንበር ነበረው፤ በሰው ወንበር የተቀመጠ እንግዳ ሦስት ትውልድ ሲነሣበት ይኖራል።

"ትናንት የት ነበርሽ?"

"ከሰዓት ከሪዲያን ጋር ከተማ ነበርን። ለጓሮዋ ክፍል ዕቃ ስንመርጥ። ሴራሚክ፣ አልጋ፣ መታጠቢያ..."

"አልጋ።"

"አዎ፣ አልጋ። ከዚያ እኔ የማታ የሙዚቃ ክፍሌን አስተማርኩና ባልደረባዬ ቤት አደርኩ። ሪዲያን ዕቃውን ጭኖ ተመለሰ። ጠዋት ስመጣ..." አልጨረሰችውም።

"ለማን ደወልሽ?"

"ለሪዲያን።"

"ለፖሊስስ?"

"እሱ ደወለ። ምነው ኤምሊን? እንዴት ነው የምታየኝ?"

አልጋው ለማን እንደተገዛ አልጠየቃትም። መልሱን የሚያውቀው መሰለው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ ሰው አጥብቆ ሲጠረጥርም ዓይኑ እንደሚታወር ግን የሚነግር የለም።

ሐኪሙ ሬሳውን አገላብጦ፣ "ጭንቅላቱ ተመትቷል፤ ወይም ከነገር ጋር ተጋጭቷል" አለ። "መቼ ለምትሉኝ፣ ትናንት ማታ ይመስለኛል። ግን እንዲህ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ለተገኘ ሬሳ አልምልም።"

ኤምሊን የሰማው 'ትናንት ማታ' የሚለውን ብቻ ነው።

*

ከግቢው አጥር ወዲያ በግ የሚያረቡት ሽማግሌው ጉሊም ናቸው። ድሮ የሄርሞን መቃብር ቆፋሪ ነበሩ። ስቴፋን የመቃብሩን በር በቁልፍ ሲዘጋ ሕዝብ ፊት፣ "በአካፋ ነው የምከፍልህ!" ብለውታል። ኔሪስ ይህን ከሰማች ወዲህ ጥርሷን ስላ መጣች።

"ጋሼ ጉሊም፣ ሰውየውን እገድለዋለሁ ብለው ነበር አሉ" አለች።

"ብያለሁ።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ ብገድለው በር ላይ እገድለዋለሁ እንጂ ዋና አላስተምረውም! ደግሞ በዚህ እጅ?" ሁለቱን እጆቻቸውን ዘረጉ። ጣቶቻቸው በሪህ ተጠማዝዘው የዝንጅብል ሥር መስለዋል። "የበግ መድኃኒት ጠርሙስ መክፈት አቅቶኝ ምራቴን ነው የምለምን።"

"ትናንት ወደ ግቢው የገባ ሰው አዩ?" አለ ኤምሊን።

"ትናንት ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ቴግወን ለእናቷ መቃብር አበባ ታመጣለች። ከቤቱ ሰውና ከአናጢው በቀር ቁልፍ ያላት እሷ ብቻ ናት፤ ያንንም ስንት ተለምኖ ነው የሰጣት። ማታ ደግሞ ሊጨልም ሲል የሪዲያን ፒክአፕ ገባች። ብቻውን ነበር። ቆይቶ ወጣ።"

"ብቻውን" አለ ኤምሊን። ድምፁ ውስጥ ደስታ እንዳለበት ለራሱም ታወቀው፤ አፈረ፤ ግን አልተወውም።

ቴግወን የኤሊነድ ታላቅ እህት ናት። አላገባችም። እናቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እሷ ናት፤ ሄርሞንንም ሠላሳ ዓመት የጠረገች፣ የወለወለች፣ ኦርጋን የመታች፣ በጥምቀት ዋዜማ ገንዳውን የሞላች እሷ ናት። ኤሊነድ ከተማ ሄዳ ተምራ፣ ሀብታም አግብታ ተመለሰችና እህቷ የወለወለችው ወለል ላይ አልጋ ዘርግታ ተኛች።

በመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ፒያኖ ስትከድን አገኛት።

"እትዬ ቴግወን፣ እግዜር ያጽናሽ።"

"እሷን ነው ማጽናት። እኔ ምኔ ሞተ?"

"ትናንት ማታ..."

"ትናንት ማታ እዚሁ ነኝ፤ የመዘምራን ልምምድ ነበር። መንደሩን በሙሉ ጠይቅ። ሁለተኛው ድምፅ ዛሬም እንደ ፍየል ነው የሚጮኸው።" ከቦርሳዋ የናና ከረሜላ አውጥታ አንድ ሰጠችው። እንደ ልጅነቱ ተቀበለ። "ገባህ አሉ። ውስጡ እንዴት ሆኗል?"

"ያምራል።"

"ያምራላ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ነይ የሚለኝ አላገኘሁም። ሳይጠሩት አቤት አይባል ነገር።"

"እኔም አልተጠራሁም" አላት ኤምሊን።

ቀና ብላ አየችው። ሁለቱም ሳቁ፤ የማያስደስት ሳቅ ነበር።

*

ሪዲያንን በዚያው ቀን አሰረው። ወይ በማግስቱ ይከሰሳል፣ ወይ ይለቀቃል፤ ክሱ ከጸና ዕድሜ ልኩን ነው። ኔሪስ፣ "አለቃ፣ ቸኮልን መሰለኝ" ብትለው፣ "አንቺ ይህን አገር አታውቂውም" ብሎ ዘጋት።

"ማታ ምን ልታደርግ ገባህ?"

"ዕቃ ላወርድ። መታጠቢያውን፣ አልጋውን፣ ሁሉን በጓሮ በር የጓሮዋ ክፍል ውስጥ አስገባሁና ወጣሁ። ዋናውን ቤት አልረገጥኩም።"

"ምን አየህ?"

"ምንም። ውሃ ሲወርድ ሰማሁ።"

"የምን ውሃ?"

"እኔ እንጃ። በመቃብሮቹ በኩል ሳልፍ ከእግሬ ሥር፣ ከመሬት ውስጥ ይንሿሿል። ሰውየው ገንዳውን እየሞላ ነው ብዬ አለፍኩ።"

"ተረትህን ተወው። ኤሊነድን ትወዳታለህ?"

ሪዲያን ሰፊ ደረቱን ወደ ኋላ ለጥጦ አየው። "ማን የማይወዳት አለ? አንተም ትወዳታለህ። ከእሷ በቀር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እኔን እዚህ ያስቀመጠኝ ፒክአፔ አይደለችም ኤምሊን፤ ኮቴ ናት።"

ኤምሊን ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። ጆሮ ግንዱ ይነድ ነበር። ሰውየው እውነቱን ስለተናገረ ይበልጥ ጠላው።

በማግስቱ ጠዋት የክሱን ወረቀት ሊፈርም ብዕር እንዳነሣ ኔሪስ የሬሳ ምርመራውን ውጤት ይዛ ገባች።

"ምቱ አልገደለውም አለቃ። በሕይወት እያለ ነው የሰጠመው። ሳንባው ውስጥ ደቃቅ አሸዋና የድንጋይ ሽበት ተገኝቷል። ከቧንቧ አሸዋ ይወጣል እንዴ?"

ብዕሩ እጁ ላይ ቆመ።

የተጠመቀበት ቀን ትዝ አለው። እሱና ኤሊነድ በአንድ እሑድ ነው የተጠመቁት። ነጭ ልብስ ለብሰው ገንዳው ውስጥ ሲወርዱ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ነበር፤ ከእግሩ ጣት ሥር የጅረት አሸዋ ነበር። ኤሊነድ ብርዱን ረስታ ስትስቅ ያኔ ነው የወደዳት። ውሃው ያኔ ከጅረቱ ነበር የሚመጣው፣ በመቃብሮቹ ሥር ባለ የድንጋይ ቦይ።

"ከእግሬ ሥር ነው ያለው" አለ።

"ምን?"

"ሪዲያን። ውሃው ከእግሬ ሥር ይንሿሿል ነው ያለኝ። ተነሽ እንሂድ።"

*

ቦዩን የሚዘጋው ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ በአጥሩ ጥግ፣ በሐረግ ተሸፍኖ ነው ያለው። ቦታውን የማያውቅ አያገኘውም። ኤምሊን በእጁ ዳበሰው። ሐረጉ በቅርቡ ተበጥሷል፤ ድንጋዩ ተነሥቶ ተመልሶ ተዘግቷል፤ የተፋቀው ጠርዝ ገና ነጭ ነው። ሁለት እርምጃ እልፍ ብሎ የቴግወን እናት መቃብር አለ። አበባው አልጠወለገም።

"ይህን ድንጋይ የሚያውቅ ማን አለ?" አለች ኔሪስ።

"ጋሼ ጉሊም አሉ፤ በዚያ እጃቸው አያነሡትም። እኔ አለሁ።" ቀጥሎ ያለውን ስም አልጠራም።

ዋናው ቤት ገቡ። ኔሪስ መድረኩ ሥር ያለውን የሚያብለጨልጭ ቧንቧ ከፈተች፤ ሙቅ ውሃ እንፋሎቱ እየወጣ ወረደ። "አለቃ፣ ይህ እያለ ማን ከጅረት ይሞላል?"

"ይህ እንዳለ የማያውቅ ሰው።"

ከዚያ ሁሉም ነገር እየተከተለ መጣለት፤ ሁሉም ደግሞ ከመጀመሪያው ጠዋት ጀምሮ ፊቱ ነበር። የሞላ ገንዳ በብሩሽ አይፈገፈግም። በቦቲ ጫማም ገላውን የሚታጠብ የለም። ስቴፋን የገንዳውን ውሃ አፍስሶ ሊያጥበው ነበር፤ ደረቅ ገንዳ ውስጥ ወደቀ ወይም ተጣለ፤ ራሱን እንደሳተ ውሃው መጣበት። ያ ቦይ ደግሞ ዝግተኛ ነው። ድሮ ለእሑድ ጥምቀት ቅዳሜ ከሰዓት ተከፍቶ ሲመሽ ነበር የሚሞላው።

"ስለዚህ ሥራው የተሠራው ከሰዓት ነው፤ ማታ አይደለም" አለ። "እኛ የሁሉንም ሰው ማታውን ነው የጠየቅነው። ከሰዓት ሪዲያን ከኤሊነድ ጋር ነበር።"

"የዕቃ መደብሩ ሰዎች መስክረዋል። ትናንት ነግሬዎት ነበር።"

"ነግረሽኛል። አልሰማሁሽም።"

ወደ አግዳሚው ሄደ። በሄርሞን ወንበሮች ጀርባ የመዝሙር መጽሐፍ ማስቀመጫ አለ፤ ከእሱ ሥር ደግሞ ስንጥቅ። ኤምሊን ጎንበስ ብሎ ጣቱን ሰደደ። በጥብቅ እየታጠፈ የተወሸቀ የከረሜላ ወረቀት ወጣ፤ ሌላም፤ ሌላም። ቴግወን ስብከት ሲጀመር አንድ የናና ከረሜላ አፏ ውስጥ ታደርጋለች፤ ሰባኪው አሜን ሲል ያልቃል። ወረቀቱን እዚያው ነበር የምትወሽቀው። የሦስቱም ወረቀት ናናው ገና ይሸታል። ሦስት ስብከት ያህል ተቀምጣለች።

ኤሊነድ ከደረጃው ወረደች። ፊቷ አብጧል።

"ኤሊነድ፣ መጀመሪያ ልጠይቅሽ የሚገባኝን ልጠይቅሽ። የጓሮዋ ክፍል ለማን ነው?"

"ለቴግወን ነዋ! ለማን መሰለህ?" እያለቀሰች የጓሮውን በር ከፈተችለት። አዲስ አልጋ፣ ከግድግዳው ጋር የተጠጋ ትንሽ ፒያኖ፣ ጥግ ላይ ፕላስቲኩ ያልተላጠ ነጭ መታጠቢያ፣ የሙቅና የቀዝቃዛ ሁለት ቧንቧ ያለው። "ጸሎት ቤቱ ፈራርሶ ስታየው ልቧ እንዳይሰበር ብዬ ነው ያልጠራኋት። ክፍሏ ሲያልቅ፣ በልደቷ ቀን፣ ዓይኗን ጨፍኜ ላስገባት ነበር። ስቴፋንን እሺ ለማሰኘት ዓመት ፈጀብኝ።"

ኤምሊን የጓሮውን በር መልሶ ዘጋው።

ጣቢያ ደውሎ ሪዲያንን አስፈታው። "ይቅርታ አድርግልኝ" አለው በስልኩ።

"ኮቴን ስጡኝ፤ ይበርደኛል" አለው ሪዲያንና ዘጋው።

ወረቀቱን ቢፈርመው ኖሮ ምን እንደሚሆን መንገድ ላይ አሰበው። እሱም አንድ ሰው ገንዳ ውስጥ ጥሎ፣ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ውሃው ሲሞላ ሊያይ ነበር።

*

ቴግወን ዘቢብ ያለበት ዳቦ ቆርጣ፣ ቅቤ ቀብታ፣ ሻይ ቀድታ አስቀመጠችላቸው። እንግዳ አትጠብቅም፤ እንግዳ ግን ቤቷ ገብቶ ሳይቀምስ ወጥቶ አያውቅም።

"ሪዲያንን ለቀቅከው አሉ።"

"ለቀቅኩት። እትዬ፣ ገንዳውን በጅረት ውሃ የሞላው ሰው..."

"ታዲያ በምን ይሞላል?" አለች ቴግወን።

ኔሪስ የያዘችውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

"ቧንቧ አለው" አለ ኤምሊን ቀስ ብሎ። "ስቴፋን ቧንቧ አስገብቶለታል። ያንን የማያውቀው ያልተጠራ ሰው ብቻ ነው።"

ቴግወን ሻይዋን አማሰለች። ስኳር አልጨመረችበትም፤ ዝም ብላ ታማስለው ነበር።

"አበባውን አስቀምጬ ስመለስ በሩ ክፍት ነበር" አለች። "ገንዳው ዳር ቆሞ ብሩሽ ይዟል። 'ነይ ግቢ፣ አይተሽ ይውጣልሽ' አለኝ። ገባሁ፤ ምን ላድርግ፣ ሁለት ዓመት ቋምጬ። አንድ እግሬን እንዳሳረፍኩ፣ 'ኧረ ጫማሽን! ወለሉን ታቆሽሺዋለሽ' አለኝ። እኔን! በጉልበቴ ተንበርክኬ ሠላሳ ዓመት የወለወልኩትን ወለል!" ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አኖረች። "ገፋሁት። የገንዳው ጫፍ ላይ ነበር የቆመው፤ ሄደ። ሲወድቅ ያሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው።"

"ያኔ ሰው ብትጠሪ እኮ፣ እትዬ፣ አደጋ ነበር። ማንም አይፈርድብሽም ነበር።"

"አውቃለሁ። ይተነፍስ ነበር። ስልኩም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ላነሣው ሄድኩ፤ እውነቴን ነው። ከስልኩ አጠገብ የሠርጋቸው ፎቶ አለ።" ዓይኗ ደም ለበሰ። "ድምፅ የተሰጣት እሷ፣ የተማረችው እሷ፣ ያገባችው እሷ። እናታችን እንኳ እጄ ላይ ሆና የምትጠራው የእሷን ስም ነበር። መጨረሻ ላይ ሄርሞንንም ወሰደችብኝ። አንድ ነገር ብቻ እንድታጣ ፈለግሁ፤ አንድ። ወጥቼ ድንጋዩን አነሣሁ።"

"ከዚያ ወንበራችሁ ላይ ተቀመጥሽ።"

"ገንዳ ሲሞላ ሰው ይጠብቀዋል። ልማዴ ነው። አሞላሉን ካየሁ በኋላ ወደ መዘምራኑ ሄድኩ፤ ልምምዱ ሲያልቅ ተመልሼ ቦዩን ዘጋሁ። ክፍት አይተውም፤ መቃብሮቹን ያጥለቀልቃል።" ከዚያ ኤምሊንን ትክ ብላ አየችው። "አንተስ እንዴት ደረስክብኝ? ብልህ ልጅ እንዳልነበርክ አውቃለሁ።"

"እኔም ውጭ ነው የኖርኩት፣ እትዬ። ቤቱን የማውቀው እንደድሮው ነው፤ እንዳንቺው።"

ራሷን ነቀነቀች። ተነሥታ ሲኒዎቹን አጠበች፣ ምድጃውን አጠፋች፣ ኮቷን ለበሰች። ኔሪስ ክንዷን ልትይዛት ስትል ኤምሊን በዓይኑ ከለከላት። በሩ ላይ ሲደርሱ ቴግወን ቆም አለች።

"ኤምሊን።"

"አቤት እትዬ።"

"ያ ቧንቧ ሙቅ ውሃም ይወጣዋል?"

ፕላስቲኩ ያልተላጠው ነጭ መታጠቢያ ዓይኑ ላይ መጣ። ለማን እንደተገዛ መንገር የኤሊነድ ፋንታ ነው፤ መንገር ከቻለች።

"ይወጣዋል" አላት።

"የታደለች" አለች ቴግወን፣ ወደ መኪናውም ሄደች።